እንግዳ የሠራት ከተማ

ሐዋሳ የሚኖር ሰው ዘመድ አይጠፋበትም። ሌላ ከተማ ብትኖሩ ለሠርግና ለልቅሶ ብቻ የሚያስታውሳችሁ ሰው፣ ሐዋሳ መግባታችሁን ሲሰማ በድንገት ይናፍቃችኋል። ይደውላል። «እንዴት ናችሁ? ልጆች ደህና? ሐይቁስ?» ሐይቁን የጠየቀ ዘመድ ወር ሳይሞላ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ እንደሚወርድ እናውቃለን። እኛ ቤት ያለው ትርፍ ፍራሽ ከራሳችን አልጋ በላይ ያገለገለ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለታኅሣሥ 19 ቀን መሀል ከተማ ወዳለው ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ በዚያ ሰሞን የሆቴል አልጋ ማግኘት ፈተና ነው። ስለዚህ ሐዋሳ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ፣ የሌለው ደግሞ ወደ ዘመዱ ዘመድ ይመጣል። ፕሮግራሙ ያው ነው፦ መጀመሪያ ንግሥ፣ ከዚያ ሐይቅ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ጉልበት ለተረፈው ታቦር ተራራ።

ይሄን የምጽፈው ግን ስለ ፍራሽ እጥረት ላወራችሁ አይደለም። እንግዳ ይዞ ሐዋሳን የሚዞር ሰው፣ ሳያስበው የከተማዋን ታሪክ ነው የሚዞረው። በየቆመበት ቦታ አንድ ጥያቄ አብሮት ይቆማል፦ እዚህ ቤት እንግዳው ማነው? ባለቤቱስ? (ዓመተ ምሕረቶቹ «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በስተቀር በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕር የነበረን ጊዜ

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነችኝ አክስቴ ናት። በ2016 ታኅሣሥ፣ ስለቷን ለማድረስ ከኮምቦልቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ መጣች። ባሏ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ዘጠኝ ዓመት አሰብ ኖረዋል።

ለዛሬ ወጣት አሰብ የፌስቡክ ክርክር ነው። ለዚያ ዘመን የወሎ ሰው ግን ሰፈር ነበር ማለት ይቻላል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት መንገድ ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻንና ባቲን አልፎ፣ የአፋርን በረሃ ሰንጥቆ ቀይ ባሕር ይገባል። በሶቪየት ኅብረት እገዛ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የነዳጅ ማጣሪያ እዚያ ነበር። የደርግ መንግሥት በ1980 ሪፐብሊክ ሲመሠርት አሰብን ራስ ገዝ አድርጎ ነበር። ለአክስቴ ግን ይሄ ሁሉ ወሬ አይደለም። ለእሷ አሰብ ማለት ሙቀቱ ሲበረታ ልጆቿን ይዛ ውሃ ዳር የምትወርድበት ቦታ ነው።

በ1983 ግንቦት ሁሉም ነገር ተገለበጠ። እንደ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች እነሱም ቤታቸውን ትተው ወጡ። በ1985 ኤርትራ ነፃነቷን በይፋ አወጀች፤ ኢትዮጵያም ባሕር ከሌላቸው የዓለም አገሮች ሁሉ በሕዝብ ብዛት ትልቋ ሆነች። አሰብ እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ ዕቃ ያስገባልን ነበር፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

ወደቡ ሲሄድ ዳርቻውም አብሮ ሄደ። ሰው ግን ውሃ ዳር መቀመጥ አይተውም። ደግነቱ አማርኛ ሐይቅን «ባሕር» ማለት ከብዶት አያውቅም፤ ባሕር ዳር የምትባለው ከተማችን ራሷ ያለችው ጣና ላይ ነው። እናም ለእረፍት «ወደ ውሃ» ማለት ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ ሆነ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሐዋሳ ደግሞ ከተማውና ውሃው አንድ ላይ ያሉባት፣ ከቤት በባጃጅ ሐይቅ የሚደረስባት ሆና ተገኘች። ስሟም ቢሆን በሲዳማ ቋንቋ ሰፊ ውሃ ማለት ነው።

ፍቅር ሐይቅ፦ ጨው የሌለው ባሕር

ፍቅር ሐይቅ እንደደረስን አክስቴ ጫማዋን አወለቀች። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ውሃ ቀዳችና በምላሷ ጫፍ ነካችው።

«ጨው የለውም» አለች። ትንሽ ቅር ያላት ትመስላለች።

«አክስቴ፣ ሐይቅ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ዓይኔ ይሄን ያህል ውሃ ሲያይ ምላሴ ጨው ይጠብቃል፣ ምን ላድርገው?»

ነገሩን ስታስቡት ምላሷ አልተሳሳተም። ሐዋሳ ሐይቅ ከላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ውሃ ይገባል እንጂ በወንዝ አይወጣም። እንደዚህ ያለ ሐይቅ ፀሐይ ውሃውን እያተነነች ጨውን ስለምታስቀርበት በጊዜ ብዛት ይመራል፤ በስተ ሰሜን ያሉት ሻላና አብያታ የሆኑት እንዲያ ነው። ሐዋሳ ግን በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ስለሆነ፣ ውሃው በመሬት ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ ጨዉን ይዞት ይሄዳል። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ለስፋቱ ግን ጥልቅ አይደለም፣ ከ20 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው።

የሚገባበት ዋናው ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፤ ከሻሸመኔ ስትመጡ ከተማዋ መግቢያ ላይ በድልድይ የምትሻገሩት። ጥቁር ውሃ የሚመጣው ጨለለቃ ከሚባል ረግረግ ነው። ጨለለቃ ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በፊት ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር። ዙሪያው ያለው ደን እየተመነጠረ፣ አፈሩ እየታጠበ ወረደና ሞላው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አንድ ሐይቅ ሣር ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ከብት ይግጥበታል።

ፍቅር ሐይቅ ላይ ፎቶ የምንነሳበት፣ ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱበት ያ ከፍ ያለ መንገድም ለሽርሽር ታስቦ አልተሠራም። ውሃ መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሐይቁ እየሞላ ወደ ከተማው ሲገፋ የዳርቻውን ቤትና ማሳ አስጨንቆ ነበር። አፈርና ድንጋይ ተከመረ፣ ውሃው ተገታ፣ ከዚያ ሰው መሄጃ አደረገው። ቡና ያፈላበታል፣ ሎሚና ቆሎ ይሸጥበታል፣ ጀልባ ይጠራበታል። የሐዋሳ ሰው ሲጨንቀው የሠራውን ግድብ «ፍቅር» ብሎ የሚጠራው ዳርቻ አካል አደረገው።

አሞራ ገደል

እንግዳ ይዞ አሞራ ገደል ጠዋት መሄድ ነው የሚሻለው። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት የዘረጉትን መረብ ሰብስበው በጀልባ የሚገቡት ያኔ ነው። የሚበዛው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛና ቢልጫም አለ። ልጆች በሚገርም ፍጥነት ይልጡታል፣ ይበልቱታል። ጭንቅላትና አንጀቱን የሚጠብቁት ደግሞ አባ ኮዳዎቹ ናቸው፤ ራሰ በራ፣ ጉሮሯቸው ላይ ከረጢት ያንጠለጠሉ፣ ከሰው ወገብ በላይ የሚቆሙ ትልልቅ ወፎች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሕፃን ያለቅሳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ትልቅ ሰው ስልኩን ያወጣል። ዛፉ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ጦጣው እጃችሁ ላይ ያለውን ሙዝ ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል።

ዓሣው ተጠብሶ ከነአጥንቱ በዳጣና በዳቦ ይቀርባል፤ ጥሬውን በሚጥሚጣ የሚበላም አለ። እዚህ ላይ በየዓመቱ ታኅሣሥ እኛ ቤተሰብ ውስጥ የሚነሳው ክርክር ይነሳል። ወሩ የነቢያት ጾም ነው። ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም? እናቴ አትነካውም። አባቴ «ደም የለውም» ባይ ነው። አክስቴ እየሰማች ቆየችና፣ «አሰብ እያለን እንበላው ነበር። ካለዚያ ምን ይበላል ታዲያ፣ አሸዋ?» ብላ ክርክሩን ዘጋችው። እሷ ግን ለራሷ ሽሮ አዘዘች፤ ስለት ላይ ነበረች።

ታቦር ላይ ሆኖ ወደ ታች

ታቦር ረጅም ተራራ አይደለም። ከላይ ሆኖ ግን ከተማዋ እንደ ካርታ ትዘረጋለች፦ ሰፋፊ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ዘንባባ፣ ብስክሌት፣ ከዚያ ሐይቁ። ይሄ ቀጥ ማለቷ ራሱ ታሪክ ነው። ብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች በገበያ ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እንደመጣላቸው ያደጉ ናቸው። ሐዋሳ ግን በዕቅድ የተቆረቆረች ናት፤ በ1952 ገደማ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን። ከምሥረታዋ ጋር ስማቸው የሚነሳው ራስ መንገሻ ሥዩም ናቸው። ያኔ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋለም ነበረች። በኋላ አስተዳደሩ ወደዚህ ወረደ፤ ይርጋለም በተራራዋ ላይ ቀረች። ከአዲሷ ከተማ የመጀመሪያ ነዋሪዎች መካከል በመንግሥት የሰፈሩ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። ቀጥሎ የእርሻ ልማት ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ መጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይቋረጣል። «ድሮ እዚህ ምንም አልነበረም፣ ጫካ ነበር» ይባላል። ጫካውስ እሺ፣ ግን ምንም አልነበረም ማለት ትክክል አይደለም። ቦታው ስም ነበረው፦ አዳሬ። የሲዳማ ሕዝብ ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ውሃ የሚያጠጣበት፣ የሚያርስበት ዳርቻ ነበር። ከተማዋ ስትነድፍና የንግድ እርሻው ሲሰፋ ከመሬቱ የተነሳው ይሄ ሕዝብ ነው። ስሙ ዛሬም አዳሬ ሆስፒታል በር ላይ ተጽፎ አለ። ሰው ሲታመም ብቻ የሚጠራው ሆኖ ቀረ እንጂ።

አባቴ በደርግ ጊዜ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ መጣ። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እቀየራለሁ» ብሎ ነበር አሉ። እኔ እዚሁ ተወለድኩ። የብዙ ጓደኞቼ ቤተሰብ ታሪክም ተመሳሳይ ነው፤ ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከጎንደር፣ ከከምባታ፣ ከሸዋ የመጣ አባት ወይም እናት፣ «ለትንሽ ጊዜ» የሚል ሐሳብ፣ ከዚያ የሐዋሳ ልጅ። በ1987ቱ ቆጠራ ከተማዋ ወደ 69 ሺህ ሰው ነበራት፤ በ1999ኙ ወደ 157 ሺህ ደረሰች። ይሄን ያህል ሰው በመውለድ ብቻ አይገኝም። በ2008 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ ከየገጠሩ ወጣት ሴቶች መጡ፤ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ እነሱም በተራቸው ከገጠር የመጣች እህታቸውን መሬት ላይ አንጥፈው እያስተናገዱ።

ባለቤቱ ማነው?

በ1980ዎቹ አጋማሽ አምስት ክልሎች ተዋሕደው ደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሲፈጠር፣ ከ50 በላይ ብሔረሰቦች ያሉበት የዚያ ሰፊ ክልል መቀመጫ ሐዋሳ ሆነች። ለከተማዋ ሲሳይ ነበር፦ ቢሮ፣ ሆቴል፣ አስፋልት። የሲዳማ ሰው ግን አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር፤ የሁሉም የሆነች ከተማ የእኔ መሆኗ የት ገባ?

በግንቦት 1994 የከተማዋን አስተዳደር ከሲዳማ ዞን ሊያወጣ ነው የተባለውን ዕቅድ ለመቃወም ሰው በሰላም ወጣ። ግንቦት 16 ቀን ከከተማዋ ዳር፣ ሎቄ ላይ ተተኮሰበት፤ ብዙዎች ሞቱ። ሎቄ ከሐዋሳ የሽርሽር ካርታ ላይ የለም። ግን እንግዳ የምናዞርበት ሐይቅ አጠገብ ነው።

ከ17 ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2011፣ ወጣቶቹ በቁጥር «11/11/11» ያሏት ቀን ደረሰች። የክልልነት ሕዝበ ውሳኔው በሕግ በተቀመጠው ጊዜ ባለመካሄዱ ሲዳማ ክልልነቱን በራሱ ያውጃል የተባለባት ቀን ናት። በዚያ ሰሞን በከተማዋና በዞኑ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ የሌላ ብሔር ተወላጆች ንብረት ተቃጠለ፣ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ነበሩ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ፤ ከ98 በመቶ በላይ ድምፅ ለክልልነት ሆነ። ሰኔ 2012 ሲዳማ የአገሪቱ 10ኛ ክልል ሆነ። በ2015 ማብቂያ ላይ የቀረው ደቡብ ክልልም ለሁለት ተከፍሎ፣ ለ30 ዓመት ገደማ ሐዋሳ የከረመው መንግሥት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎቹ አዳዲስ መቀመጫዎች ሄደ። እንግዳው ራሱ ቢሮ ነበር ማለት ነው።

ይሄን ለአክስቴ የነገርኳት ማታ፣ ቡና ተፈልቶ ነው። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞር ብላ፣ «እናንተስ እዚሁ ትቀራላችሁ?» አለችው።

አባቴ ቶሎ አልመለሰም። «ልጆቼ እዚህ ተወለዱ። እናታችንን እዚህ ቀበርኩ» አለ።

«እኔም አሰብ ልጅ ቀብሬያለሁ» አለች።

ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ማንም አልተናገረም።

ስለዚያ ዝምታ ብዙ አስቤያለሁ። ሕጉን ብትከፍቱ መልስ አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ ማንም ዜጋ በፈለገበት የአገሩ ክፍል የመኖር ነፃነት አለው ይላል። አንቀጽ 39 ላይ ብሔሮች የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው የመወሰን መብት አላቸው ይላል። በሁለቱ መካከል ያሉት ስድስት አንቀጾች ብቻ ናቸው። ወረቀት ላይ አይጣሉም። መንገድ ላይ ግን ሰዎች ሲያጣሏቸው አይተናል፤ አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ሁልጊዜ ሌላውን ሰው ያስፈራዋል።

እኔ እዚህ ተወልጄ እንግዳ ነኝ አልልም። አይደለሁም። ግን «ምንም አልነበረም» ብዬ የምጀምር ከሆነ፣ ጎረቤቴን በገዛ ቤቱ እንግዳ እያደረግኩት ነው። አዳሬን ጠርቶ የሚጀምር ሰውና «ጫካ ነበር» ብሎ የሚጀምር ሰው አንድ ሐይቅ ዳር ቢቆሙም አንድ ከተማ ውስጥ አይኖሩም። ታሪኩን ከሥሩ መናገር መብቴን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም እዚህ ለመኖር ያለኝን ምክንያት የሚያምን ሰው ያበዛልኛል።

ጉዱማሌ፦ ቅቤ ይዛ የመጣች ዘመድ

የመጨረሻው ማቆሚያችን ጉዱማሌ ነበር። በሌላው ቀን ሐይቁ አጠገብ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ዛፍ ጥላ ስር ሰው ይቀመጥበታል። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ ግን የበዓሉ አደባባይ እሱ ነው። ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2015 በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ለአክስቴ የነገርኳት አፈ ታሪኩን ነው። ፍቼ የአንዲት የሲዳማ ሴት መታሰቢያ ነው ይባላል። ካገባች በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ለመጠየቅ ትመጣ ነበር፤ ስትመጣም ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይካፈለው ነበር። ዛሬም በበዓሉ ዋዜማ ቤተሰብ ከቡርሳሜው አብሮ ይቀርባል። በማግሥቱ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ፣ የደረሱበት ቤት ቡርሳሜ ያበላቸዋል። የማን ልጅ ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ሽማግሌዎች ደግሞ ይመክራሉ፦ ሥራ ውደዱ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስረቁ፣ ዛፍ አትቁረጡ። ጨለለቃን ያየ ሰው የመጨረሻዋን ምክር ሲሰማ ቀና ይላል።

እስቲ አስቡት። ብዙ ሕዝቦች ትልቁን በዓላቸውን ለንጉሥ፣ ለጦርነት ድል ወይም ለመከር ሰጥተዋል። የዚህ ምድር ትልቁ በዓል ግን የተሰጠው ዘመድ ልትጠይቅ ለመጣች ሴት ነው። ባዶ እጇን አልመጣችም፣ ያመጣችውንም ብቻዋን አልበላችም። እንግዳና ባለቤት የሚለው ክርክር ውስጥ ሳትገባ ዓመት አቆመች።

እኛ ቤት ቡርሳሜ የሚገባው በጎረቤታችን በኩል ነው። እሳቸው በፍቼ ይልካሉ፣ እናቴ በፋሲካ ዶሮ ወጥ ትልካለች። ሳህን ባዶውን አይመለስም። በ2011 ሐምሌ፣ ሰፈሩ በሩን ዘግቶ ባደረበት ሌሊት እኝህ ጎረቤታችን ወንበር አውጥተው የእኛ በር ላይ ተቀምጠው ነበር ያደሩት። ማንም እንዲያደርጉት አልጠየቃቸውም። ይሄን ለአክስቴ የነገራት አባቴ ነው፤ ለጥያቄዋ ያልመለሰውን በሁለተኛው ቀን መመለሱ መሰለኝ።

አክስቴ ከኮምቦልቻ ስትመጣ ለገና የሚሆን አንድ ማሰሮ ቅቤ ይዛ ነበር። ስትሄድ እናቴ ከፍላ ለጎረቤታችን ወሰደችላቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ደወለች። ሐይቁን አልጠየቀችም።

«ፍቼ መቼ ነው?» አለች።

«ገና አልታወቀም አክስቴ። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶዎች ናቸው። ጨረቃና ከዋክብት አይተው ነው የሚናገሩት።»

«እንዲያ ከሆነ ሲናገሩ ንገረኝ። ቅቤውን አስቀምጬዋለሁ።»